ወደ ቀኝ ያጋደለ ቤት

ቡርጎኝ፣ ፈረንሳይ
ኦክቶበር 9 ቀን 2012

ኢምከ፣

ጤናችንን ጠይቀሻል። እኔ ደህና ነኝ፤ እህትሽ ቴዳም «ደህና ነኝ» ትላለች። መኪናው ግን ደህና አይደለም፤ የምጽፍልሽም ስለ እሱ ነው።

አስቀድሜ ስለ ስልኩ ይቅርታ። ባለፈው ስትደውዪ «ሁሉ ሰላም ነው» ብዬ የዘጋሁብሽ አንቺን ጠልቼ አይደለም። በመኖሪያ መኪና ውስጥ ምስጢር የሚባል ነገር የለም። ቴዳ ከወዲያኛው ጫፍ ሻይ ስትቀዳ እንደ ጠጠር ያለው ስኳሯ ኩባያው ውስጥ ሲሰነጠቅ እኔ መሪው ጋ ሆኜ እሰማለሁ። ውጪ ወጥቼ ላውራ ብል ጎረቤቶቹ ወንበራቸውን ዘርግተው ከአፌ የሚወጣውን ይጠብቃሉ። አንቺ ደግሞ ጆሮሽ ከብዷል፤ ካልጮኹልሽ አትሰሚም። ስለዚህ በደብዳቤ ይሁን። መልስሽን ፖስታው ላይ ባለው የካምፑ አድራሻ በእኔ ስም ላኪው፤ እንግዳ መቀበያው ያስቀምጥልኛል።

ቤት ሸጦ ጎማ ላይ መኖር እንዴት ነው ላልሽው፣ ኑሮው ሥራ ነው። ንጹሕ ውሃ መሙላት፣ እጣቢ መድፋት፣ የሽንት ቤቱን ሳጥን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ወደ መድፊያው መውሰድ፣ ጋዙ መቼ እንደሚያልቅ መገመት። ጋዝ የሚያልቀው ሁልጊዜ ዝናብ ሲዘንብና እኔ ጭንቅላቴን ሳሙና ስቀባ ነው። ማማረሬ አይደለም። ስለ ብረት ጥንካሬ ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬ ሳበቃ፣ ወንበር ሠርቶ በማያውቅ ዲን ትእዛዝ ስለ «ቡድን መንፈስ» ሥልጠና ተቀምጫለሁ። ከዚያ በኋላ የሽንት ቤት ሳጥን ማቀፍ ክብር ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። መኪናችን ከነጭነቱ ከሦስት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ በላይ እንዲመዝን ሊብሬው አይፈቅድም። እናንተ ግቢ ቆመን ሳለ እያንዳንዱን ዕቃ፣ ሹካውን ሳይቀር፣ በወጥ ቤትሽ ሚዛን መዝኜ ነው የጫንኩት። ባልሽ ሂንሪክ ከበሩ ላይ ቆሞ «ካልሲህንም መዝነው፣ የቀኙ ይከብዳል» እያለ ሲስቅብኝ ነበር። ትናንት አንድ ጠጠር ማምረቻ ግቢ ውስጥ የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ወጣን። ስልሳ ኪሎ እንበልጣለን። እኔ ስልሳ ኪሎ አልሳሳትም። ስድስት ኪሎ ልሳሳት እችላለሁ። ስልሳ ኪሎ ሰው ነው።

ከመነሳታችን በፊት በነበረው ቀን መኪናውን ትልቁ ጎተራችሁ ውስጥ ትቼ ጥርስ ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር። በዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ማን ምን ጫነበት? ሂንሪክ የድንች ጆንያ ደብቆብኝ ከሆነ ቀልዱ ገብቶኛል፤ ይበቃል።

ሌላም አለ። ለቴዳ «ስልሳ ኪሎ በልጠናል» ስላት ፊቷ ቀላና «እኔ ወፍሬ ይሆናል» አለች። ቴዳ በትዳራችን ዘመን ሁሉ ስለ ራሷ ክብደት በፈቃዷ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። እህትሽ የሆነ ነገር ደብቃኛለች፣ ኢምከ። መኪናውንስ አስተካክለዋለሁ፤ እንቅልፍ የነሳኝ ይኼኛው ነው።

ኤኖ

---

ሌር አጠገብ፣ ጀርመን
ኦክቶበር 17

ኤኖ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። የእጅ ጽሑፍህ አሁንም ተማሪ የሚገሥጽ ይመስላል። ቶሎ ስላልመለስኩልህ ይቅር በለኝ፤ ምን እንደምጽፍልህ ሳስብ ቆየሁ። ደግሞም ጆሮዬ የከበደው ለስልክ ብቻ ነው። ሂንሪክ ጎተራ ውስጥ ሆኖ ሲያማኝ ከወጥ ቤቴ አጥርቼ እሰማዋለሁ።

እዚህ ዝናብ ነው። ሜዳው ውሃ ጠጥቶ ላሞቹ እስከ ጉልበታቸው ይሰምጣሉ። በእኛ አድራሻ የመጣላችሁን ፖስታ አስቀምጬዋለሁ፤ አብዛኛው ቤት ላላቸው ሰዎች የሚላክ ማስታወቂያ ነው፤ አንዱማ የጣራ ክዳን ሊያድስላችሁ ይፈልጋል። የሂንሪክ ዳሌ መቀየሩ አይቀርም ተብሏል። እሱ ግን «ኤኖ መዝኖ ያጽድቀው፣ የብረት ዳሌ ሊከብደኝ ይችላል» ይላል።

ስለ ጆንያው ጠየቅሁት። «ድንች አልጫንኩም» አለ። እውነቱን ነው።

አሁን አንድ ነገር ንገረኝ። ከሚስትህ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠህ፣ ስለ እሷ ለእኔ ከፈረንሳይ ደብዳቤ የምትጽፈው ለምንድን ነው? ራሷን ጠይቃት። ስትጠይቃት ግን ያን የመምህር ድምፅህን መኪናው ደጃፍ ላይ አውልቀህ ግባ። በትርፍ ኪሎው የምትጨነቀው አንተ ነህ፤ እሷን የከበዳት ሌላ ነው። ከዚህ በላይ ብጽፍ ከራሴ ጋር እጣላለሁ።

ስትነዳ ቀስ በል፤ ሹራብ ልበስ።

ኢምከ

---

አልሜሪያ አጠገብ፣ ስፔን
ኖቬምበር 6

ኢምከ፣

«ድንች አልጫንኩም» የሚለውን መልስ ጠበቃ ያጻፈው ይመስላል። እኔ ድንች ነው ወይ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ማን ምን ጫነ ብዬ ነው የጠየቅሁት። ድንች አለመሆኑን ካወቀ ምን እንደሆነ ያውቃል ማለት ነው። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም ይደርስበታል።

ስፔን ከገባን ጀምሮ ዕቃ እየጣልኩ ነው። የብረት መሣሪያ ሳጥኔ ሄደ፤ አንድ ካቻቪቴና አንድ ጉጠት ብቻ አስቀርቻለሁ። ፀሐይ የምንከልልበት መጋረጃ ሄደ። ብስክሌቶቹ ሄዱ። ትልቁ መዝገበ ቃላቴም ሄደ፤ እሱን ሳወጣ ቴዳ ወደ መስኮቱ ዞረች። አጠገባችን የቆመው ዮፕ የሚባል ሆላንዳዊ ነው፤ የምጥለውን ሁሉ እየለቀመ የራሱ መኪና ጣራ ላይ ይቆልላል። በየጠዋቱ ኩባያውን ይዞ ይመጣል።

«ዶክተር፣ ዛሬስ ምን ጣልን?»

«አንተ ሚዛን ላይ የወጣህ ቀን እስቃለሁ።»

«እኔ ሚዛን ላይ አልወጣም። እኔ ደስተኛ ሰው ነኝ።»

አሁን ሕጋዊ ሆነናል፤ ግን የውሃው ታንክ ባዶ ሲሆን ብቻ። ግመል እንኳ ውሃ ይዞ ነው የሚጓዘው። መንገድ ላይ ቡና ልናፈላ ብንል ማደያ ገብተን በጠርሙስ እንለምናለን። ይህ ኑሮ አይደለም፤ ቅጣት ነው።

ስለዚህ መጣሉን ትቼ መፈለግ ጀመርኩ። እዚህ የገበሬዎች ማኅበር ሚዛን አለው፤ አንድ ጎማ፣ ከዚያ ሌላውን፣ እያንዳንዱን ለብቻ አስመዘንኩ። ትርፉ ክብደት ያለው ከኋላ በቀኝ በኩል ነው። ከቡርጎኝ ጀምሮ በቆምንበት ሁሉ ወደ ቀኝ ስናጋድል፣ እንቁላሉ በመጥበሻው ላይ ወደ ቀኝ ሲፈስ፣ የመታጠቢያው ውሃ አልወርድ ሲል፣ እኔ የፈረንሳይን መሬት እየረገምኩ ከጎማው ሥር ታኮ ስደረድር ነበር። የፈረንሳይን መሬት ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ከኋላ በቀኝ በኩል ደግሞ አልጋው ሥር የቴዳ ሳጥን ነው። ደንባችንን ታውቂያለሽ። እንዲህ በጠበበ ቤት ሁለት ሰው ሳይተናነቅ እንዲኖር እያንዳንዱ ሌላው የማይከፍተው አንድ ሳጥን ይኖረዋል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አልከፍተውም። የገዛ ደንቡን የሚጥስ ሰው ዲን ይሁን።

እንደ ምክርሽ ራሷን ጠየቅኋት። ድምፄንም ዝቅ አድርጌ ነበር።

«ቴዳ፣ ሳጥንሽ ውስጥ ከባድ ነገር አለ?»

«አንተስ ሳጥንህ ውስጥ ምን አለ?»

«እኔ ጠይቄሻለሁ።»

«እኔም ጠይቄሃለሁ።»

ከዚያ ድንች መላጥ ቀጠለች።

ኢምከ፣ ወይን መጠጣት አቁማለች። ምሳ ከበላን በኋላ ብቻዋን በዚያ በቀኝ በኩል ትተኛለች፤ እጇን አልጋው ጣውላ ላይ አድርጋ። ዮፕ ሲቀልድ አትስቅም፤ ሰውየው ደግሞ፣ ባልወደውም፣ ያስቃል። ከመነሳታችን በፊት ሐኪም ጋ ብቻዋን ሄዳለች? ታማለች? ስለ ስልሳ ኪሎው መልስ ባትሰጪኝ ግድ የለም፤ ስለዚህ ግን መልሺልኝ።

ኤኖ

---

አልሜሪያ አጠገብ
ኖቬምበር 24

ኢምከ፣

«አልታመመችም። የቀረውን እኔ አልናገርም፤ ቃል ገብቻለሁ» የሚለው ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ስለ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አመሰግናለሁ፤ ሙሉ ሌሊት ተኛሁበት። ሁለተኛውን ግን ማንበቤን ሳላቆም ዛሬ ደርሻለሁ። አንቺ ቃል የምትገቢው ለማን ነው? ለምን?

ዛሬ ጠዋት ፖስታ ልጠይቅ እንግዳ መቀበያው ጋ ሄድኩ። ቴዳ ቀድማኝ ቆማለች፤ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ለእንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ቀስ እያለች በጀርመንኛ ስታስረዳት ሰማሁ፦

«ወደ ሌር። መሄጃ ብቻ። አይ፣ መመለሻ አያስፈልግም።»

ልጅቷ «ከገና በፊት?» አለቻት።

«ቢቻል ከገና በፊት» አለች ቴዳ።

እንዳላየ ሆኜ ተመለስኩ። መኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ዮፕ ኩባያውን ይዞ መጣና ፊቴን አይቶ ኩባያውን አጠገቤ አስቀምጦ ተመለሰ።

እንግዲህ ስልሳ ኪሎው ሻንጣዋ ነው። ዕቃዋን ሰብስባ፣ ጠቅልላ፣ አልጋዬ ሥር አስቀምጣ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣችው። አንቺም ታውቂ ነበር። ሂንሪክም ያውቅ ነበር። እየጫነላትም ስለ ካልሲዬ ይቀልድ ነበር።

ተቆጥቼ አይደለም የምጽፍልሽ። ተቆጥቼ ብሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቁጣን አውቀዋለሁ። ይህ ሌላ ነው። ጋዙ ሲያልቅ «ኤኖ፣ ሳሙናህን ይዘህ ቁም፣ አትንቀሳቀስ» ብሎ ዝናብ ውስጥ ወጥቶ ሲሊንደር የሚቀይርልኝ ሰው ከሌለ እኔ ይህን ቆርቆሮ ይዤ የት እሄዳለሁ? ለማንስ ነው የምነዳው?

የምትሄድ ከሆነ ንገሪኝ። ደህና አድርጌ እሸኛታለሁ፤ ሻንጣዋንም እኔ እሸከማለሁ። ግን በሌላ ሰው አንደበት ሳይሆን ቀድሜ ልወቀው።

ኤኖ

---

ሌር አጠገብ
ኖቬምበር 30

ኤኖ፣

መጀመሪያ ቁጭ በል። ቁጭ ብለህ ከሆነም አንድ ነገር ያዝ።

«መሄጃ ብቻ» የተባለችው ቴዳ አይደለችም። እናታችን ናት።

አልጋህ ሥር ያለው የእናታችን የመቃብር ድንጋይ ነው። ይኸው ቃሌን አፈረስኩ፤ ቴዳ ይቅር ትበለኝ። ደብዳቤህን ለሂንሪክ ሳነብለት ሹካውን አስቀመጠና «ሴትዮ፣ ጻፊለት፣ ሰውየው ይሞትብናል» አለ። ሂንሪክ ስለ አንተ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጸደይ አበባ ልንተክል ስንሄድ ድንጋዩ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን፦ የመቃብሩ ቦታ የሠላሳ ዓመት የኪራይ ዘመን ሞልቷል፣ ቤተሰቡ የደብሩን ጽሕፈት ቤት ያነጋግር። አነጋገርን። ያ ማዕዘን በጠቅላላው ሊደለደልና ሣር ሊዘራበት ስለሆነ ማራዘም አይቻልም፤ ድንጋዩን ካላነሳችሁት እናስወግደዋለን አሉን። ቴዳ «ማስወገድ ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። የጽሕፈት ቤቱ ልጅ ሐቀኛ ነበር። «ይፈጫል፤ ለመንገድ ጠጠር ይሆናል» አላት።

በዚያው ቀን እኛ ቤት ሻይ ስንጠጣ ይህን ለአንተ ስትነግርህ ምን አልካት? ታስታውሳለህ? «ሕግ ሕግ ነው፣ ሠላሳ ዓመትም ሠላሳ ዓመት ነው» ብለህ ሁለተኛውን ኩባያ እንድቀዳልህ ዘረጋህልኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ለአንተ ምንም ልትነግርህ አልፈለገችም። ማን ይፈርድባታል?

እኔ ግቢ ይቀመጥ ብላኝ ነበር። ሂንሪክ «ግቢዬ መቃብር አይሆንም» አለ። እውነቱን ልንገርህ፤ እሱ ባይል እኔ እል ነበር። ልብስ ባሰጣሁ ቁጥር እናቴ ከሣሩ ውስጥ ስሟን እያነበበችልኝ? ማስጫውን ለምን እንዲህ አሰርሽው እያለችኝ? በሕይወቷ የበቃኝን ያህል ብላኛለች። ስለዚህ ቴዳ «የእኔም ቤት ቤት ነው» አለች። አንተ ጥርስህን ለሐኪም ስታሳይ ሂንሪክ በእጅ ጋሪ ገፍቶ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አስገባላት። ሲያነሳው «አሮጊቷ ከብዳለች» ቢል ቴዳ በጥፊ ልትለው ነበር።

ስለ መላኩ ደግሞ፣ ራሷ ጽፋልኛለች። መዝገበ ቃላትህን አንስተህ ለዚያ ሆላንዳዊ ስትሰጠው አይታ አላስቻላትም። «እኔ ድንጋይ ደብቄ እሱ ሕይወቱን እየጣለ ነው፤ በጭነት እልከዋለሁ፣ የሂንሪክ ጎተራ ውስጥ አስቀምጡልኝ» ብላኛለች። ወይን ያቆመችውም ስትጠጣ ምላሷ ስለሚፈታ ነው፤ እህቴን አውቃታለሁ።

እንግዲህ አሁን ታውቃለህ። ስትቆጣ እኔን ተቆጣ። እኔ ሩቅ ነኝ፤ ስልኩንም አልሰማም።

ኢምከ

---

አልሜሪያ አጠገብ
ዲሴምበር 8

ኢምከ፣

ድንጋይ! ድንጋይ ብቻ!

ደብዳቤሽን እንግዳ መቀበያው ፊት ለፊት ቆሜ ነው ያነበብኩት። ቁጭ በል ያልሽኝን አልሰማሁም፤ ድንጋዩ ጋ ስደርስ ግን ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ውሃ አመጣችልኝ። «መጥፎ ዜና ነው?» አለችኝ። «አማቴ ናት» አልኳት። አዘነችልኝ።

ወደ መኪናው ስገባ ቴዳ ጀርባዋን ሰጥታኝ ምጣድ ታጥባለች። ከመንገዱ ጀምሮ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሦስት ክፍል የነበረው ጥሩ ንግግር። ከአፌ የወጣው ግን ይኸው ነበር፦

«ቴዳ፣ እናትሽን ከቀኝ ወደ መሃል ማዛወር አለብን።»

ውሃውን ዘጋች። አልዞረችም።

«ኢምከ ናት?»

«ኢምከ ናት።»

«ያቺ ወሬኛ!»

«አንቺ ነሽ የተማርሽ የምትባዪው? ስልሳ ኪሎ በአንድ ጎማ ላይ ይጫናል? ባሌስትራው ቢሰበርስ?»

«እንደምትጥላት ፈርቼ ነዋ!»

«እኔ? እናትሽን? የት ነው የምጥላት፣ ዮፕ ጣራ ላይ?»

እዚህ ላይ ሳቀች። ስትስቅ አለቀሰች፤ ስታለቅስም ሳቀች፤ ምጣዱን ይዛ፣ የሳሙና ውሃው ሹራቤ ላይ እየተንጠባጠበ። ልትሄድብኝ ነው ብዬ አስቤ እንደነበር ስነግራት አፏን ከፍታ አየችኝ። «የት ነው የምሄደው?» አለች። «ኢምከ ጋ? ዕብድ ነኝ?» ይቅርታ፤ ቃል በቃል ነው የጻፍኩት።

ሳጥኑን ራሷ ከፈተችልኝ። ብርድ ልብሱን ገለጥነው። ሬንስከ የሚለው ስሟ፣ ከሥሩ የልደቷና የሞቷ ቀኖች፣ ከጎኑ አንዲት ትንሽ የሸምበቆ ቅርጽ። እዚያች ሴትዮ ላይ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ተኝቼባታለሁ! በሕይወቷ ሳለች ከእኔ ጋር አንድ ጣራ ሥር ከፋሲካ በዓል በላይ ቆይታ አታውቅም። «ያ ሁሉን ዐዋቂ» ትለኝ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ያላወቅሁት ነገር ቢኖር እሷን ነበር።

«ሕግ ሕግ ነው» ማለቴን አልክድም። አሁንም ሕግ ነው። ቦታው የደብሩ ነው፣ ዘመኑ ሞልቷል። ድንጋዩ ግን የማንም አይደለም፤ የእናንተ ነው። ስለ ቦታው ተናገርኩ እንጂ ድንጋዩን ፍጩት አላልኩም። ይህን ልዩነት የሚያይ ሰው ከእናንተ መካከል አንድ እንኳ ቢኖር እኔ መጋረጃዬን አላጣም ነበር። የመጋረጃውን ነገር አታንሱብኝ! ዮፕ ጋ ሄጄ መልስልኝ ብለው «ጥለኸዋል ዶክተር፤ የእኔ ነው» አለኝ። ቴዳን ዞሬ አየኋት፤ እንድትደግፈኝ ነበር።

«ሕግ ሕግ ነው፣ ኤኖ» አለች።

መዝገበ ቃላቱን ግን መልሶልኛል። በውስጡ ሥዕል የለም ብሎ።

ድንጋዩን ለማዛወር ሦስታችን ገባን፤ በዚያ ጠባብ ወለል ላይ ሦስት ሰውና አንዲት አማት። ዮፕ ጽሑፉን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ቀጥሎም «ዶክተር፣ ይህንንም ነገ ትጥለዋለህ?» አለ። ቴዳ በማንኪያ መታችው። አሁን በኋላ ጎማዎቹ አክስል ላይ፣ ልክ በመሃል ተቀምጧል። እንቁላሉ መጥበሻው መሃል ይቀመጣል፤ ውሃውም ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ትናንት ቴዳ ምሳ ከበላን በኋላ ከውጪ ወንበር ላይ ተኛች፣ ከዮፕ ወይን አንድ ብርጭቆ ጠጥታ።

በጭነት የሚላክ ነገር የለም። ለሂንሪክ ንገሪው።

ኤኖ

---

ፍራይቡርግ፣ ጀርመን
ማርች 14 ቀን 2013

ኢምከ፣

የመጨረሻ ማረፊያዋ የት ይሆናል ላልሽው፣ አላውቅም፤ ቴዳም አታውቅም፤ ለማወቅም አልቸኮልንም። ለጊዜው ከእኛ ጋር ትዞራለች። በፈረንሳይ የሮን ወንዝን ሸለቆ ይዘን ስንወጣ ነፋሱ መኪናውን ሲገፋው ቴዳ ወደ ኋላ ዞራ «ያዢ፣ እማዬ» አለች። እኔ መስተዋቱን አየሁ።

የጠየቅሽው ጀርባዬም፣ ድንጋዩን ስናዛውር ያመመኝ፣ ተሽሎኛል። ለፋሲካ እንመጣለን። ሂንሪክ አይፍራ፤ ድንጋዩ ከመኪናው አይወርድም፤ ግቢውም መቃብር አይሆንም፤ መኪና ማቆሚያ እንጂ። አንቺም ልብስ ስታሰጪ የመስኮት መጋረጃችንን እንዘጋልሻለን።

ውሃ ሳይዙ መዞርም አብቅቷል። ለዚህ ነው እዚህ ሦስት ቀን የቆየነው። አንድ ጋራዥ የኋላውን ባሌስትራ አጠናከረልኝ፤ ከዚያ ሊብሬው ላይ የሚፈቀደው ክብደት ከፍ እንዲል ለምርመራ አቀረብኩት። የእኛ ዘመን መንጃ ፈቃድ ይህን ይችላል፤ ቅጣቱ ግን ከአሁን በኋላ በአውራ ጎዳና ላይ በሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት አለመቻል ነው። «ለጭነት መኪና መቅደም ክልክል ነው» የሚል ምልክት ባለበትም ከቲማቲም ጫኝ ኋላ ተሰልፎ መሄድ ነው። ይህን ለዓመታት ስሸሸው ኖሬያለሁ፤ ውርደት ይመስለኝ ነበር። ትናንት ከአንድ የፖላንድ ከባድ መኪና ኋላ ስንሞክረው ቴዳ ሹራብ ሠራች፤ እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «ጥቁር ጫካ» የሚባለውን የዚህን አገር ደን ዛፎች አየሁ። ለሌላ ሰው እንዳትነግሪ፤ ደስ ይላል።

መርማሪው ወፍራም፣ ቀስ ያለ ሰው ነው፤ የሚያደርገውን የሚያውቅ። ፍሬኑን አየ፣ ሥሩ ገብቶ ባሌስትራውን በመዶሻ ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ወጥቶ እጁን እየጠረገ፦

«ክብደቱን ማሳደግ ለምን ፈለጉ? ሁለት ሰው ናችሁ።»

«አማቴ አብራን ናት» አልኩት።

ወደ መኪናው አየ። «የት ናቸው?»

«አልጋው ሥር።»

ለጥቂት ጊዜ ፊቴን አየኝ። ቴዳ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ሰውየው ሊያውቅ አልቻለም። ሳጥኑን ከፈትኩለት። ተንበርክኮ ባትሪውን አበራ፤ ስሙን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። እጁን ሰዶ ያሰርኩባቸውን ሁለት ቀበቶዎች ሳብ ሳብ አደረገ።

«ጥሩ ነው» አለ። «ፍሬን ሲያዝ እንዳይንሸራተቱ።»

ልብ በይ፣ «እንዳይንሸራተቱ» ነው ያለው፤ አንቱ ብሎ። እኔ በሕይወቷ ዘመን ለእናታችሁ እንዲህ ያለ አክብሮት ያሳያትን ሰው አላስታውስም፤ ራሴን ጨምሮ።

ከዚያ ቢሮው ገብቶ አዲሱን ወረቀት በማኅተም መታና በመስኮቱ አቀበለኝ። «መልካም መንገድ» አለ፤ «ለሦስታችሁም።»

ለሦስታችሁም! አፌን ከፈትኩ። በሕጉ ድንጋይ ጭነት እንጂ ተሳፋሪ አይደለም፤ ሊብሬው ላይም የተመዘገበው ወንበር ሁለት ብቻ ነው። ይህንኑ ላስረዳው ስል ቴዳ እግሬን ረገጠችኝ።

«አመሰግናለሁ» አልኩት።

ኤኖ